ውድ ዝግ ሄድፎን ለሙዚቃ፦ የወሎ አድማጮች ደጋግመው የሚጠይቋቸው

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከወልዲያና ከባቲ የሚመጡት ጥያቄዎች እየተመሳሰሉ ስለሄዱ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። የዶላር ዋጋዎቹ ኩባንያዎቹ ዕቃውን ለገበያ ሲያወጡ የጠየቁት ናቸው። ወደ ብር መመንዘሩን ለአንባቢ ትቼዋለሁ፤ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዛሬ የተጻፈ የብር ዋጋ ብዙ አያገለግልምና።

ዝግ ሄድፎን የሚባለው የትኛው ነው?

ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍንና ጀርባው በእንጨት፣ በብረት ወይም በፕላስቲክ የተደፈነ ነው። የክፍቱ ጀርባ ግን ቀዳዳ ያለው ወንፊት ነው፤ የሚሰሙት ሙዚቃ አጠገብዎ ለተቀመጠው ሰውም ይሰማል፣ የውጩ ጫጫታም እንደ ልቡ ይገባል።

ለእኔ የሚያስፈልገኝ ዝጉ ነው ወይስ ክፍቱ?

አስቀድመው ቤትዎን ያዳምጡ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ መስኮትዎ ወደ ዋናው መንገድ የሚከፈት ከሆነ የባጃጅ ሞተር፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የጎረቤት ጄኔሬተር አለ። ኮምቦልቻ ውስጥ በባቲ አድርገው ወደ ሚሌ የሚወርዱት ከባድ መኪኖች ሌሊትም አያርፉም። ወይም ጫጫታው ከውጭ ሳይሆን ከእርስዎ ይሆናል፦ ሕፃን የተኛበት ክፍል፣ በስስ ግድግዳ የሚዋሰን ጎረቤት፣ ለፈተና የሚያጠና ታናሽ ወንድም። በእነዚህ ሁሉ ዝጉ ይሻላል።

ሐይቅ ዳር ወይም ከጦሳ ሥር ጸጥ ያለ ግቢ ካለዎትና ማታ ብቻዎን የሚያዳምጡ ከሆነ ግን ዝግ ሄድፎን አይግዙ። ይህን ስል የሚቀየሙኝ አሉ፤ ሆኖም በተመሳሳይ ገንዘብ ክፍቱ አብዛኛውን ጊዜ የሰፋና ያልታመቀ ድምፅ ይሰጣል። ዝግነት አካባቢው የሚያስገድደው ወጪ ነው፤ ካላስገደደዎት ለምን ይከፍሉታል?

የ300 ዶላሩና የ3,000 ዶላሩ ልዩነት ምን ላይ ነው?

ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሽፋን፣ ድራይቨር የሚባለው፣ ወደ ጆሮ የሚገፋውን ያህል ወደ ኋላም ይገፋል። በክፍት ሄድፎን የኋለኛው ድምፅ ወጥቶ ይሄዳል። በዝጉ መውጫ ስለሌለው ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ከዋናው ድምፅ ጋር ይደባለቃል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ስለዚህ የ3,400 ኸርዝ ድምፅ፣ ማለትም በሰከንድ 3,400 ጊዜ የሚርገበገበው፣ የሞገዱ ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ነው። የሄድፎን ቤት፣ ማለትም ጆሮን የሚሸፍነው ክፍል፣ ውስጣዊ ስፋቱም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጣጣው ያለው እዚህ ላይ ነው፦ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማበትና የማሲንቆ ጠጉር ሲፋተግ የሚለይበት ክልል ቤቱ ውስጥ ከሚያስተጋባው ድምፅ ጋር ይገጣጠማል። ርካሽ ዝግ ሄድፎን ዘፋኙን በርሜል ውስጥ ያስገባው የሚመስለው ለዚህ ነው።

ጥሩዎቹ ሠሪዎች ገንዘብና ብልሃት የሚያፈሱት ይህንን ለማስወገድ ነው። ሰንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ኤችዲ 820 ላይ ጀርባውን ወደ ውስጥ በጎበጠ መስታወት ዘግቶ፣ የሚመለሰውን ድምፅ በጎን ወዳሉ ማምጠጫ ክፍሎች እንዲዞር አድርጎታል። ሶኒ በኤምዲአር-ዜድ1አር ላይ 70 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰፊ ድራይቨር አስገብቶ፣ ቤቱ እንዳያስተጋባ አየር በጥቂቱ የሚያሳልፍ ከተክል ጭረት የተሠራ ማጣሪያ ተጠቀመ። ዳን ክላርክ ኦዲዮ በስቴልዝና በኢ3 ላይ በድራይቨሩና በጆሮ መካከል ጉድጓዶችና መተላለፊያዎች ያሉት ክፍል አስቀምጦ አላስፈላጊ ሞገዶችን እዚያው ያስቀራል። ፎካል በስቴሊያ የተጠቀመው ከንጹሕ ቤሪሊየም የተሠራ ሽፋን ነው፤ ቤሪሊየም ቀላልም ጠንካራም ስለሆነ ድምፁ ሲነሣም ሲቆምም ፈጣን ነው።

የቀረው ዋጋ ቆዳ፣ እንጨት፣ ሳጥንና ስም ነው። ዋጋ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናትም አለ፦ የሩን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ 283 ሄድፎኖችን ለክቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በድምፅ ሚዛናቸውና በመሸጫ ዋጋቸው መካከል ዝምድና አላገኘም። ስለዚህ ውድ የሆነውን ሁሉ ጥሩ ነው ብሎ መቀበል ሞኝነት ነው፤ ጥሩ የሆኑት ዝጎች ብዙዎቹ ውድ መሆናቸው ግን አልቀረም።

ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺ ሆዬ የሚስማማው የትኛው ነው?

ሄድፎን ቅኝትን አይለውጥም፤ የሚለውጠው ለዛውን ነው። ወሎ ውስጥ የሚደመጠው ሙዚቃ፣ ባህላዊውም መንዙማውም፣ ልቡ መካከለኛው ድምፅ ላይ ነው። በአንጻሩ በብዙ ሱቅ «ምርጥ» ተብሎ የሚሸጠው ዝግ ሄድፎን ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ አሳብጦ መሐሉን ያጎደጉዳል። ለዳንስ ሙዚቃ ይሞቃል፤ አምባሰል ሲደመጥበት ግን ዘፋኟ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትሄዳለች።

ከመግዛትዎ በፊት የመሞከር ዕድል ካገኙ ሻጩ የሚያስደምጥዎትን ይተዉትና የራስዎን ይዘው ይሂዱ። በመጀመሪያ ማሲንቆ ብቻውን ያለበትን ቅጂ ይስሙ። የፈረስ ጭራው ከአውታሩ ጋር ሲፋተግ የሚሰማው ሸካራነት መኖር አለበት፤ ግን ጆሮ መቧጨር የለበትም። ሸካራነቱ ጠፍቶ ድምፁ የለሰለሰ ከመሰለዎት ሄድፎኑ የላይኛውን መካከለኛ ድምፅ ውጦታል። በዚያው ዘፈን ውስጥ ድምፃዊው ቃሉን ሲያንቀጠቅጥ እያንዳንዱ መንቀጥቀጥ ተለይቶ መሰማቱን ያስተውሉ፤ ተጨፍልቆ አንድ ወጥ ከሆነ የሚያስተጋባ ቤት አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ መንዙማ ይስሙ። መሪው ሲያወጣና ተቀባዮቹ ሲመልሱ ሁለቱ በአንድ ቦታ ተደራርበው ከተሰሙ የሄድፎኑ የድምፅ ስፋት ጠባብ ነው። ጥሩ ዝግ ሄድፎን ላይ መሪው መሐል ይቆማል፣ ተቀባዮቹ በጎንና በጎን ይዘረጋሉ፣ ድቤው ከሥራቸው ይመታል። ድቤው ሲመታ የሰዎቹን ድምፅ ከሸፈነ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ በዝቷል።

ለወፍራም ድምፅ ከማንኛውም ዘመናዊ ዘፈን ይልቅ በገናን እመርጣለሁ። አሥሩ አውታሮች እንዚራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ላይ ሲርገበገቡ የሚወጣው ዝቅ ያለ ንዝረት ቤዙ ቅርጽ እንዳለው ወይም ዝም ብሎ ጉምጉምታ መሆኑን ወዲያው ያጋልጣል። ለቀጭኑ ደግሞ ጸናጽል አለልዎት። የላሊበላ የገና ዝማሬ ቅጂ ካለዎት እሱን ይክፈቱ፤ ብዙ ዝግ ሄድፎኖች ከ5,000 እስከ 10,000 ኸርዝ ባለው ክልል የሾለ ጫፍ አላቸው፣ ጸናጽሉ ያን ጫፍ እንደነካ ዓይንዎ ይጨፈናል። አንዴ ያስጨፈነዎት ሄድፎን በሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ይሆናል፤ «እለምደዋለሁ» ብለው አይግዙት።

ሻሽ፣ ሂጃብ፣ ሹሩባ ወይም መነጽር ድምፁን ያበላሻል?

አዎ፣ ከሚገምቱት በላይ። ዝግ ሄድፎን ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው ጆሮ ዙሪያ የሚያርፈው ትራሱ ከቆዳ ጋር ተገጣጥሞ አየር ሳያስወጣ ሲቀር ነው። ጠባብ ክፍተት እንኳ ከተፈጠረ መጀመሪያ የሚያመልጠው ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ነው፤ ድቤው ባዶ ጣሳ ይሆናል። አንድ ሰው «ቤዝ የለውም» ብሎ ያጣጣለውን ሄድፎን ሌላው «ቤዙ ገደለኝ» የሚለው ብዙ ጊዜ በጭንቅላታቸው ቅርጽና በጠጉራቸው ልዩነት ነው።

ሂጃብ ለምታደርግ አድማጭ የተሻለው ሄድፎኑን ከጨርቁ ሥር ማድረግ ነው። ከላይ ከሆነ ጨርቁ አየር ያሳልፋል፤ እጥፋቱ በበዛ ቁጥር ክፍተቱም ይበዛል። ከላይ ማድረግ ግድ ከሆነ ጆሮ አካባቢ ጨርቁን አንድ ድርብ ብቻና የተወጠረ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንሳል። ወደ ኋላ የተሠራ ጥብቅ ሹሩባ ችግር የለበትም፤ ከጆሮ በታች የሚወርደው ወፍራም ጉንጉን ግን ትራሱን ያነሣዋል። መነጽር ለሚያደርግ ሰው ቀጭን ክንድ ያለው መነጽርና ለስላሳ፣ ወፍራም ትራስ ያለው ሄድፎን ይስማማዋል። ኤችዲ 820 በዚህ ረገድ በጣም ነገረኛ ነው፤ መነጽር ለሚያደርግ ሳያስሞክሩ ማስገዛት አይገባም።

መፈተኛው ቀላል ነው፦ በገናውን ወይም ድቤውን ከፍተው ሁለቱንም ቤቶች በመዳፍዎ ወደ ጆሮዎ ቀስ አድርገው ይጫኑ። ወፍራሙ ድምፅ ድንገት ከጨመረ ሄድፎኑ በትክክል አልገጠመዎትም።

ስልኬ ብቻውን ያንቀሳቅሰዋል ወይስ አምፕሊፋየር ልግዛ?

ሁለት ቁጥሮችን ይመልከቱ፦ ኦም፣ ማለትም ሄድፎኑ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ፣ እና የዴሲቤል መጠን፣ ማለትም በተወሰነ ኃይል ምን ያህል እንደሚጮኽ። ፎካል ስቴሊያ 35 ኦም ሆኖ በ1 ሚሊ ዋት 106 ዴሲቤል ያወጣል፤ ስልክ ላይ በሚሰካ፣ ፋይሉን ወደ ድምፅ ምልክት በሚለውጥ ጥሩ ትንሽ መቀየሪያ እንኳ ይጮኻል። ኤችዲ 820 እና የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 1770 ፕሮ 250 ኦም ዓይነት ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋሉ፤ በስልክ ድምፃቸው ይሰማል፣ ከበሮው ግን ጉልበት ያጣል። ስቴልዝ ደግሞ ኦሙ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ እጅግ ብዙ ኃይል ይጠጣል፤ ያለ ደህና አምፕሊፋየር መግዛቱ ገንዘብ መጣል ነው።

ሳሎን ውስጥ ባለው አሮጌ ቴፕ ወይም ትልቅ አምፕሊፋየር ላይ መሰካትም ይቻላል፤ ግን የብዙዎቹ አሮጌዎች የሄድፎን መሰኪያ ራሱ ከ100 ኦም በላይ አለበት። ዝቅተኛ ኦም ያለው ሄድፎን ሲሰካበት ቤዙ ሊያብጥና ሊላላ ይችላል። ደንቡ የመሣሪያው ኦም ከሄድፎኑ ኦም አንድ ስምንተኛ እንዳይበልጥ ነው።

ያለኝ የካሴት ቅጂና ከቴሌግራም ያወረድኩት ሙዚቃ ነው። ውድ ሄድፎን ይጠቅመዋል?

ይጠቅመዋል፤ ጉድለቱንም ያወጣዋል። በቤት ውስጥ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ የኖረ ቅጂ የላይኛው ቀጭን ድምፅ ተመናምኖ ሹክሹክታው ጨምሯል። ጫፉ የሾለ ሄድፎን ያን ሹክሹክታ ከዘፋኙ ፊት ያቆመዋል። ስብስብዎ በአብዛኛው የካሴት ዘመን ከሆነ ከላይ ለስለስ ያለውን ይምረጡ፤ ዝርዝር ያወጣል ተብሎ በሚወደሰው አይታለሉ።

ፋይሉን በተመለከተ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በ320 ኪሎ ቢት በደንብ የተሠራ ኤምፒ3 ምንም ካልተጨመቀው ፋይል ጋር ዓይን ተጨፍኖ ሲነጻጸር ብዙ ሰው አይለየውም። በ128 የተጨመቀው ግን ጸናጽልና ጭብጨባ ላይ ውሃ ውሃ ይላል፣ ጥሩ ሄድፎንም ያጋልጠዋል። ለሄድፎን ከመደቡት ገንዘብ ጥቂቱን የተሻለ ቅጂ ለመግዛት ቢያውሉት ትርፉ የእርስዎ ነው፤ ዘፋኙም ይጠቀማል።

ሽቦ አልባውና ጫጫታ የሚያጠፋውስ?

ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዚያ የአውቶቡስ ጉዞ ጫጫታ አጥፊው ያሸንፋል፤ ኤሌክትሮኒክሱ ጎበዝ የሆነው እንደ ሞተርና ጄኔሬተር ያለውን ያልተቋረጠ ወፍራም ጉምጉምታ በማጥፋት ነው። ተራው ዝግ ሄድፎን ተቃራኒው ነው፤ ወሬና ጩኸት ይቀንሳል እንጂ ጉምጉምታውን ብዙም አይከለክልም። ፎካል ባቲስ (ከባቲ ገበያ ጋር ዝምድና የለውም) እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሲሆን፣ ሽቦ አልባም ነው፣ በዩኤስቢ ገመድም ይሠራል። ለተጓዥ ሙዚቃ ወዳድ ከማውቃቸው ሚዛናዊ ምርጫዎች አንዱ ነው። ችግሩ ባትሪው ነው፤ ባትሪ ያረጃል፣ ባለገመዱ ሄድፎን ግን ዓመታትን ይሻገራል።

አንድ ስም ጥቀሱልን።

አንድ ሳይሆን እንደ ኪስ ይለያያል። ለመነሻ ሜዜ 99 ክላሲክስ፦ 309 ዶላር ነበር፣ ቤቱ ከዋልነት እንጨት የተሠራ፣ 260 ግራም ብቻ፣ በስልክ የሚሠራ። ቤዙ ትንሽ ይበዛል፤ ለዚያ ዋጋ ይቅር እለዋለሁ። ወደ መካከለኛው ከፍ ሲሉ ዴኖን ኤኤች-ዲ7200 አለ፤ የቀርከሃው ዲ9200 የበለጠ ጥርት ያለ ቢሆንም የዋጋው ጭማሪ ለሁሉም አይገባም። 2,000 ዶላር ላለው የዳን ክላርክ ኢ3 ሚዛኑ የሚያስገርም ነው፤ ማሲንቆውም በገናውም በቦታቸው ይቀመጣሉ፣ ዋናው ጥያቄ አምፕሊፋየሩ ነው። የሶኒው ዜድ1አር ለቤዝ ወዳድ ሰፊና ሞቅ ያለ ነው፤ ለመንዙማ ግን አልመርጠውም። ያለ ሐሳብ መክፈል ለሚችል፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ለሚወድና በአምፕሊፋየር መጨነቅ ለማይፈልግ ስቴሊያ አለ፦ 3,000 ዶላር።

ባቲ ሙቀት ነው፤ ጆሮዬ አይፈላም?

ይፈላል። ቆዳና አስመሳይ ቆዳ ላብ ያጠራቅማሉ፤ ደሴ ብርድ ላይ የሚያስደስተው ትራስ ባቲ ወርዶ ያማርራል። ቬሎር የሚባለው ጨርቅ ትራስ ቀዝቀዝ ይላል፤ ግን አየር ስለሚያሳልፍ በአብዛኛው ዝግ ሄድፎን ላይ ቤዝ ይቀንሳል። ክብደቱንም ይመልከቱ፦ ከ400 ግራም በላይ የሆነ በሙቀት ቦታ ለረጅም ማዳመጥ አይመችም።

ዘመድ ከውጭ ሲያመጣልኝ ምን ልበለው?

ከአሜሪካ የሚመጣ አምፕሊፋየር ከሆነ የኃይል ማስተላለፊያው ላይ «100–240 ቮልት» መጻፉን ያረጋግጥ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ቮልት በመጀመሪያው ቀን ያቃጥለዋል። ሄድፎኑን ከአምራቹ ወይም ከአምራቹ ሕጋዊ ወኪል ይግዛ፤ ደረሰኙና መለያ ቁጥሩ አብረው ይምጡ። ዋጋው ከሌላው በግማሽ ካነሰ አስመሳይ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል፤ ግራሙን በሚዛን ማየትም ጥሩ ማጣሪያ ነው፣ አስመሳዮች አብዛኛውን ጊዜ ይቀልላሉ። ቀረጡን አስቀድመው ጉምሩክ ይጠይቁ፤ ኮምቦልቻ ላይ ቅርንጫፍ አለ።

አዲስ ሄድፎን ለብዙ ሰዓት ማጫወት ድምፁን ያሻሽለዋል?

የሚለወጠው በአብዛኛው ትራሱና ጆሮዎ ነው፤ ትራሱ ይለሰልሳል፣ ጆሮዎ ይለምዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ካልወደዱት የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ይመልሱት።

ዝግ ሄድፎን ለጆሮ ጎጂ ነው?

በተገቢው ከተጠቀሙበት እንዲያውም ይረዳል፤ የውጩ ጫጫታ ስለሚቀንስ ድምፁን ከፍ ማድረግ አይኖርብዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ 75 ዴሲቤል ይመክራል። ድምፁ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ካዳመጡ በኋላ ጆሮዎ ጭው ካለ አልፈዋል።

ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

ገመድና ትራስ በእጅ የሚነቀል መሆኑን ሳያረጋግጡ ምንም አይግዙ፤ ቀድመው የሚያልቁት ሁለቱ ናቸው። ገመድ የሬዲዮ ጠጋኝ ሊበይደው ይችላል፤ ትራስ ግን ከውጭ መምጣት አለበት፣ የሌላ ኩባንያ ትራስ ደግሞ ድምፁን ይለውጠዋል። ስለዚህ ዘመድ ሄድፎኑን ሲያመጣ ሁለተኛ ጥንድ ትራስም አብሮ ቢያመጣ ጥሩ ነው። ደርቆ መሰነጣጠቁ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ድፍን ቤቱ አየር ማስወጣት ይጀምርና ድቤው እንደገና ጣሳ ይሆናል። የተጠቀሙበትን ትራስ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ አልኮል አስመሳይ ቆዳን ይሰነጥቃል።